በባልዲና በዘይት ጀሪካን፦ ያለ አፈር ሰላጣ የማብቀል የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጎንደር

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዚህ በፊት አትክልት ለማልማት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል፤ ያጣሁት ደግሞ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ምኑ ላይ እንደተበላሸ የማይበትን መረጃ ጭምር ነው። ስለዚህ በዚህኛው ሥራ ገና ዘር ሳይዘራ ማስታወሻውን ከፍቻለሁ።

ሐሳቡ አጭር ነው፤ አፈር ሳይኖር፣ ተክሉ የሚፈልገው ንጥረ ነገር በተሟሟበት ውሃ ላይ ሰላጣ ማብቀል። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢያችን ከውጭ በር እስከ ኩሽና ድረስ በሲሚንቶ የተለበጠ ስለሆነ፣ አፈር የሚባል ነገር የሚገኘው እናቴ ጤና አዳምና ዳማከሴ በተከለችባቸው ሁለት የቆርቆሮ ጣሳዎች ውስጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ከገበያ የሚገዛ ሰላጣ በምን ውሃ እንዳደገ ማወቅ አለመቻሌ ነው። እናቴ ጥሬ ቅጠል በሆምጣጤ ደጋግማ ካላጠበች ለገበታ አታቀርብም፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በጾም ወራት ከሽሮው ጎን ሰላጣ የማይቀርብበት ቀን በቤታችን ጥቂት ነው።

ዘዴው እንግዳ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ዩሊየስ ፎን ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉት ጀርመናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተመረጡ ጨዎችን በውሃ አሟሙተው በዚያው ላይ ተክል በማሳደግ፣ ሥር ከአፈር የሚፈልገው አፈሩን ራሱን ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ የሚሟሟውን ነገር መሆኑን አሳይተዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊሊያም ጌሪኬ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ይህንን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለምግብ ማምረቻ እንዲውል ሲሞግት ቆይቶ፣ በ1937 «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውን ስም አስተዋወቀ፤ ቃሉ በግሪክኛ ከ«ውሃ» እና ከ«ሥራ» የተገጣጠመ ነው።

ከብዙዎቹ ዓይነቶች የትኛውን እንደምይዝ ለመወሰን ብዙም አልተቸገርኩም። በቱቦ ውስጥ ውሃ የሚያዘዋውሩት በፓምፕ የሚሠሩ ናቸው፤ መብራት በጠፋ ሰዓት ፓምፑ ይቆማል፤ ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ጥቂት ስለሆነም ሥሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊደርቅ ይችላል። እኔ የመረጥኩት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ በርናርድ ክራትኪ ያስፋፋውን፣ ፓምፕም ኤሌክትሪክም የማይፈልገውን ነው። ዕቃው አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ውሃ ይሞላል፤ ተክሉ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ተክሉ እየጠጣ በሄደ ቁጥር ውሃው ይወርድና በውሃውና በክዳኑ መካከል ክፍት ቦታ ይፈጠራል። የዘዴው ምሥጢር ያ ክፍት ቦታ ነው። የታችኛው ሥር ውሃና ምግብ ሲስብ የላይኛው ሥር እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል።

ይህ አየር ለእኛ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ደረጃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩም ግፊት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። የቆመ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተነከረ ሥር ከዚህ ጥቂት ላይ ተሻምቶ መኖር አለበት።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ዛሬ ዕቃ አዘጋጀሁ። 20 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ አንድ፣ ባለ 5 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አምስት። ጀሪካኖቹን በኦሞና በሙቅ ውሃ አራት ጊዜ አጠብኳቸው፤ ዘይቱ በጣት ሲነካ ሳያንሸራትት እስኪቀር ድረስ ማለት ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ቅባት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሥሩን ይለብጠዋል። በባልዲው ክዳን ላይ ሦስት፣ በእያንዳንዱ ጀሪካን ትከሻ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ክብ ቀዳዳ በቢላ ቆረጥኩ፤ የቀዳዳው ስፋት የፕላስቲክ እርጎ ኩባያ ገብቶ በከንፈሩ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት መሆን አለበት። የኩባያዎቹን ታችና ጎን በፍም ባጋልኩት ምስማር በሳሳኋቸው። ሽታው መጥፎ ስለሆነ ይህን ሥራ ደጅ መሥራት ይሻላል፤ እኔ በኩሽና ጀምሬ ተባርሬያለሁ።

ስለ ብርሃን ያነበብኳቸው መመሪያዎች በአብዛኛው ክረምታቸው ጨለማ ለሆነ አገሮች የተጻፉ ስለሆኑ በቀን እስከ 16 ሰዓት የሚበራ መብራት እንዲገዛ ያዛሉ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአጭሩ ቀን እንኳ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ችግራችን የብርሃን ማነስ ሳይሆን የቀትር ፀሐይ ነው። በረንዳችን ወደ ምሥራቅ የዞረ በመሆኑ የጠዋቱን ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ጥላ ይሆናል፤ ለሰላጣ ከዚህ የተሻለ ቦታ በግቢያችን የለም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ከቅዳሜ ገበያ የሰላጣ፣ የቆስጣና የበሶብላ ዘር ገዛሁ። ሻጩ የሰላጣውን ዘር ከቆርቆሮው በሻይ ማንኪያ ሰፍሮ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤ ለስምንት ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ማለት ለሰፈሩ በሙሉ የሚበቃ ነው።

የዘር መያዣው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው። ጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኩብ እየቆረጥኩ በመሐሉ ሰንጠቅ አድርጌ፣ በውሃ ውስጥ ጨምቄ አየሩን ካስወጣሁ በኋላ በትሪ ላይ ደረደርኳቸው፤ ለሰላጣ 12፣ ለቆስጣ 3፣ ለበሶብላ 3። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ በስንጥቁ አፍ ላይ እንዲታይ ሆኖ መቀመጥ አለበት እንጂ ወደ ውስጥ አይቀበርም፤ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ፣ በተለይ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሳይበቅል ተኝቶ ይቆያል። በትሪው ላይ ስስ ፌስታል ሸፍኜ ጥላ ሥር አኖርኩት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ከ12ቱ ሰላጣ 9ኙ በቅለዋል። ቁመታቸው ከክብሪት ራስ ብዙም አይበልጥም፤ ነጩ ሥር ግን በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ከታች ብቅ ብሏል። ፌስታሉን አነሳሁት። ቆስጣና በሶብላ ገና ናቸው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

የሰፈሩ ሰው ኅዳር ሚካኤልን ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያጥን ስለዋለ ትሪውን ወደ ቤት አስገብቼ ማታ መለስኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ማዳበሪያው ደረሰ፤ አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የግሪንሀውስ ግብዓት ከሚሸጥ ሱቅ ገዝቶ በአውቶቡስ የላከልኝ ነው። ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ፣ 4 በመቶ ናይትሮጅን፣ 18 በመቶ የፎስፈረስና 38 በመቶ የፖታሲየም መጠን የተጻፈበትና ብረትን ጨምሮ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የያዘ ድብልቅ፤ ሁለተኛው ካልሲየም ናይትሬት፤ ሦስተኛው ማግኒዢየም ሰልፌት፣ ማለትም በፋርማሲ ለሆድ ማጠቢያ የሚሸጠው መራራ ጨው ነው።

እዚሁ ገበሬው የሚጠቀምበት ዩሪያና ኤንፒኤስ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። በዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ተክሉ በብዛት ወደሚወስደው ናይትሬት የሚቀየረው በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው፤ በንጹሕ ባልዲ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል፤ ጥቂቶች ቢኖሩም መጀመሪያ የሚፈጥሩት አሞኒየም ሲበዛ ሥሩን ይጎዳል። ኤንፒኤስ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር እንጂ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዢየም አይሰጥም፤ እነዚህን በሌላው እርሻ የሚያቀርበው አፈሩ ነው፤ እኔ ዘንድ አፈር የለም። አንዲት ጎረቤታችን የእንጨት አመድ እንድጨምር መክረውኛል፤ አመድ ፖታሲየም እንዳለው እውነት ቢሆንም ውሃውን ከኮምጣጣነት አርቆ እንደ ሳሙና የሚያላጥ ያደርገዋል፤ ለሥር አይሆንም።

መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው 0.6 ግራም፣ ከሦስተኛው 0.3 ግራም ነው። ስድስቱ ዕቃዎች በአንድ ላይ ወደ 40 ሊትር ስለሚይዙ 24፣ 24 እና 12 ግራም መመዘን ነበረብኝ። የኩሽና ሚዛናችን ከሩብ ኪሎ በታች አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን ፌስታል ይዤ ፒያሳ ወደሚገኙ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ሚዛናቸውን በጨርቅ ጠረግ አድርገው፣ ነጩን ጨው በትንሿ ሳህን ላይ እያፈሰሱ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህስ ስንት ካራት ነው?» አሉኝ። ለሰላጣ ነው ስላቸው፣ ሰላጣ በወርቅ ሚዛን ሲመዘን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነግረውኝ ሒሳብ ሳይቀበሉ ሸኙኝ።

ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ቤት ስደርስ በአምስት ደቂቃ አጠፋሁት። ሥራ ለማቅለል ብዬ ሦስቱንም በአንድ ሊትር ውሃ፣ በአንዲት ሃይላንድ ውስጥ አንድ ላይ ጨምሬ ናጥኩት፤ ከዚያ በየዕቃው ላከፋፍለው ነበር ሐሳቤ። ውሃው ወዲያው እንደ አጓት ነጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሃይላንዱ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ዝቃጭ ተኛ። ብናጥም አልሟሟ አለ። ካልሲየሙ በውሃው ውስጥ ከፎስፌቱና ከሰልፌቱ ጋር ተገናኝቶ ዳግም የማይሟሟ ጠጣር መሥራቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ከሰልፌቱ ጋር ሲያያዝ የሚሠራው ያው ግድግዳ የሚለሰንበት የጀሶ ዘር ነው። በጥቂት ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናሉ፤ በብዙ ውሃ ውስጥ ተራ በተራ ቢጨመሩ ግን ርስ በርሳቸው ሳይያያዙ ሟሙተው ይቀራሉ። ያን ዝቃጭ ይዞ የቀረው ውሃ ፎስፈረሱና ካልሲየሙ የጎደለው ስለሆነ ደፋሁት።

ኅዳር 15፣ እሑድ

በድጋሚ ወርቅ ሠሪው ዘንድ መሄድ አፍሬ ነበር፤ ሄድኩ። ቤታቸው ድረስ ነው የሄድኩት፤ ሚዛኑን እሑድም ከቤት አያጡትም።

በዚህኛው ጊዜ 20 ሊትር ውሃ በባልዲ ሞልቼ መጀመሪያ ድብልቁን 12 ግራም ጨምሬ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ በእንጨት አማሰልኩ፤ ቀጥሎ መራራውን ጨው 6 ግራም፤ በመጨረሻም ለብቻው በብርጭቆ ውሃ ያሟሟሁትን ካልሲየም ናይትሬት 12 ግራም። ውሃው እንደ ጠራ ቀረ። ሁለተኛውን 20 ሊትር እንደዚሁ አደረግሁ።

ከዚያ የኮምጣጣነት ልክ፣ ማለትም ፒኤች። ሰላጣ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ይስማማዋል። የቧንቧችን ውሃ በፒኤች መለኪያ ወረቀት ቀለም 8 አካባቢ ነበር፤ ማዳበሪያው ከገባ በኋላ 7 ሆነ፤ የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ እየጨመርኩ 6 ላይ አደረስኩት። በዚህ ረክቼ ተኛሁ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ወረቀቱ እንደገና 7 አሳየ። የሎሚው አሲድ ለውሃ ውስጥ ተሕዋስያን ምግብ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይበሉትና ውሃው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሌላ ሎሚ ጨመርኩ፤ ይህ መፍትሔ እንዳልሆነ እያወቅሁ።

ቆስጣው ዛሬ ወጣ። ከአንዱ ስፖንጅ ሦስት ችግኝ ብቅ ማለቱ ሁለት ጊዜ ዘርቼ ይሆን ወይ ብሎ አስጠርጥሮኝ ነበር፤ ነገሩ ግን የቆስጣ ዘር የምንለው ሸካራ እንክብል ብዙ ዘሮች የተጣበቁበት ፍሬ በመሆኑ ነው። አንዱን ትቼ ሌሎቹን በመቀስ ቆረጥኳቸው፤ ቢነቀሉ የቀረውን ሥር ያናጉታል።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ተከላ። ሰላጣዎቹ እውነተኛ ቅጠል ሦስት ሦስት አውጥተዋል። ሦስቱ በባልዲው፣ ሦስቱ በሦስት ጀሪካን፤ ቆስጣና በሶብላ በቀሩት ሁለት ጀሪካኖች። ስፖንጁን በእርጎ ኩባያው ውስጥ አጥብቄ አስቀመጥኩና የውሃውን ከፍታ የኩባያው ታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲነክር አስተካከልኩ። በጀሪካን 4 ሊትር ተኩል ሆነ። የውሃውን ልክ በየዕቃው ጎን በማርከር አሰመርኩ። በኩባያውና በቀዳዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቅሁት፤ የቆመ ውሃ ላይ ትንኝ እንቁላል እንድትጥል መንገድ መተው አልፈለግሁም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ቢጫ ጀሪካን ብርሃን ያሳልፋል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባኝ ነበር። የበሶብላውን ኩባያ ሳነሳው ነጭ የነበረው ሥር አረንጓዴ አተላ ለብሷል፤ የጀሪካኑ ውስጠኛ ግድግዳ በጣት ሲነካ ያዳልጣል። አልጌ ብርሃንና ማዳበሪያ ካገኘ የሚያስቆመው የለም፤ የተክሉን ምግብ ይሻማል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

ሥሩን በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ ጀሪካኖቹን ሁሉ በጥቁር ፌስታል ጠቀለልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትር ስከት 28 ዲግሪ አሳየኝ፤ ጥቁሩ የጠዋቱን ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ኖሯል። የሥሩ ውሃ ከ24 ዲግሪ ባይዘልቅ ይመረጣል፤ በሙቅ ውሃ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ሥር አበስባሹ ፒቲየምም በሙቀት ይበረታል። ስለዚህ በጥቁሩ ላይ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ ቆርጬ ደረብኩበት። (ቋንቋችን ከረጢቱንም ማዳበሪያ፣ በውስጡ ያለውንም ማዳበሪያ ማለቱ በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ አደናግሮኛል፤ እናቴን «ማዳበሪያ አምጪልኝ» ብያት ያን በግራም የተመዘነውን ይዛልኝ መጥታለች።) በማግስቱ በዚያው ሰዓት 22 ዲግሪ ሆነ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

የቆስጣው አዲስ ቅጠል ገርጥቷል። የገረጣው በሙሉ አይደለም፤ የቅጠሉ ጅማቶች እንደ ካርታ መንገድ አረንጓዴ ሆነው ቀርተው በመካከላቸው ያለው ብቻ ወደ ቢጫ ተለውጧል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ደህና ናቸው። ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው። ማግኒዢየም ቢያንስ ኖሮ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ነበር፤ ብረት ግን አንዴ ከተቀመጠበት ቅጠል ስለማይነሣ እጥረቱ የሚታየው በአዲሱ ላይ ነው።

ብረት በማዳበሪያው ውስጥ አለ። ያነሰ የመሰለው ተክሉ ሊወስደው ባለመቻሉ ነው፤ ወረቀቱ ከ7 በላይ አሳይቷል፤ በእንዲህ ያለ ውሃ ብረቱ ከያዘው ነገር ተላቅቆ ይዘቅጣል። ሎሚውን ተውኩና በአጎቴ ልጅ በኩል የመጣልኝን ፎስፎሪክ አሲድ በጓንትና በመነጽር፣ አስቀድሞ በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ በጠብታ መጠቀም ጀመርኩ። አንድ ሰው የመኪና ባትሪ አሲድ እንድጠቀም ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር፤ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ከሆነ እርሳስ ይኖርበታልና ለሚበላ ነገር በፍጹም አላደርገውም። ፒኤቹ 6 ላይ ወርዶ በሳምንቱም እዚያው ቆየ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

የሚያምር ቀን። የአንዱን ሰላጣ ኩባያ በጥንቃቄ ሳነሳ ሥሩ በሁለት ተከፍሎ አየሁት። በውሃው ውስጥ ያለው ረጅምና ለስላሳ ነው፤ ከውሃው በላይ በክፍቱ ቦታ ያለው ግን አጭርና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ ጥቃቅን ፀጉር ያበቀለ፣ ሲታይ እንደ ባዘቶ የሚመስል ነው። ውሃው ከመጀመሪያው መስመር 7 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ለመተንፈስ የተሠራው ሥር ይህ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ሰላጣዎቹ ጠውልገዋል፤ ስድስቱም። ጠዋት ስወጣ ቅጠላቸው በጀሪካኑ ጎን ተኝቷል፤ ውሃ ያጡ መስለውኝ የአንዱን ክዳን ስከፍት ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሐሙስ ሌሊት መጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሌሊት የጎንደር ሰው ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ብረት ድስትም ሳይቀር የያዘውን ሁሉ ይሞላል። እናቴ ደግሞ በበረንዳው የተደረደሩት ባልዲና ጀሪካኖች ጎድለው አግኝታቸዋለች። «ልጄ፣ የአንተንም ጠምቶት አየሁና ሞላሁልህ እኮ» አለችኝ። ለእርሷ ጎዶሎ ጀሪካን ማየት ዕረፍት የሚነሣ ነገር ነው፤ እንድትሞላው ያልነገርኳት እንጂ እንዳትሞላው የነገርኳት ነገር አልነበረም።

ያ ባዘቶ የመሰለ ሥር በአየር ውስጥ ያደገ ስለሆነ ድንገት በቆመ ውሃ ሲሰጥም ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ስለሚያቆም ቅጠሉ በውሃ ላይ ቆሞ በጥማት ይጠወልጋል፤ የሚያየው ሰውም ውሃ ይጨምርበታል። በቀጭን ጎማ እየሳብኩ ውሃውን ሁሉ ወደ ረቡዕ ልኩ አወረድኩት፤ ቅጠሎቹንም እስኪያገግሙ ድረስ በእርጥብ ነጠላ ከለልኳቸው። የማዳበሪያው ውሃ ቀጥኖ ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ለመጨመር ካሰብኩ በኋላ ተውኩት፤ በተጎዳ ሥር ላይ ጨው መጨመር ትክክል አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ከባልዲው ሁለቱ ሞተዋል። ሥራቸው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲሳብ ቅርፊቱ እንደ ጓንት እየተገፈፈ ቀጭኑ ክር ብቻ ይቀራል፤ ሽታውም የረግረግ ነው። ሦስተኛው ከባልዲው ተነሥቶ ለብቻው ወደ ተዘጋጀ ጀሪካን ገባ። የጀሪካኖቹ ሦስት ሰላጣዎች ቀና ብለዋል። በሶብላውና ቆስጣው ምንም እንዳልሆኑ ናቸው፤ በተለይ ቆስጣው አዲሱን ቅጠል ሙሉ አረንጓዴ አድርጎ አውጥቷል።

በየጀሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ፤ ከዚህ በላይ አይሞላም። እናቴ መስመሩን አይታ፣ «ሰው በጎንደር ውሃ ሲመጣ አትሙሉ ይባላል?» አለች።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ከአራቱ ሰላጣ የውጭ ቅጠሎችን ብቻ ሰበሰብኩ፤ መሐሉ ካልተነካ ማደጉን ይቀጥላል። ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ሆኖ በጾሙ ማብቂያ ላይ ለምሳ ቀረበ። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ አጠበችው። ጣዕሙ ከገበያው የቀለለ ነው፤ ቅጠሉ ስስና ውሃማ፣ ምሬት የሌለው። ምሬት ለሚወድ ሰው አይሆንም።

ጥር 9፣ ዓርብ

ነገ ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፤ ከገጠር የሚመጡ ዘመዶቻችን ዛሬ ማታ ይገባሉ። ከተራ ደግሞ በገሃድ የሚጾም ስለሆነ ሰላጣውን የምሰበስብበት ቀን ከዚህ የተሻለ የለም። ከዘር 62ኛ ቀኑ ነው።

አራቱን ሰላጣ ከነሥራቸው አነሣሁ። ሥራቸው ተቆርጦ በወርቅ ሠሪው ሳይሆን በሰፈሩ ሱቅ ሚዛን ሲመዘኑ 240፣ 215፣ 185 እና 150 ግራም ሆኑ፤ ትንሹ ከባልዲው የተረፈው ነው። ከሦስቱ ጀሪካኖች እያንዳንዱ ከ4 ሊትር ተኩል ውስጥ ሲተርፍ ያገኘሁት አንድ ሊትር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ እናቴ የጨመረችውንና እኔ የቀዳሁትን ሳላስብ አንዱ ሰላጣ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ እምብዛም አልጠጣም። ወጪውን ግን በሐቀኝነት ካሰብኩ፣ በማዳበሪያው ማጓጓዣና በአሲዱ ምክንያት ከገበያ ሰላጣ የረከሰ አይደለም፤ የማዳበሪያው አብዛኛው ገና በዕቃው ስላለ ለብዙ ዙር ይበቃል።

አንዷ አክስቴ ባዶውን ጀሪካን ገልበጥ አድርጋ አፈሩን ፈልጋ አጣችው። ሥሩን ሳሳያት በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይኼማ ጥጥ ነው» አለች።

ጥር 14፣ ረቡዕ

የተረፈውን የማዳበሪያ ውሃ ለዳማከሴውና ለጤና አዳሙ አጠጣሁት፤ ድጋሚ ለሰላጣ አልተጠቀምኩበትም፤ ከውስጡ የትኛው ንጥረ ነገር አልቆ የትኛው እንደቀረ የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ጀሪካኖቹን በበረኪና አጥቤ በፀሐይ አደረቅኋቸው። ባልዲውን ከሥራው አስወጥቼዋለሁ፤ ሦስት ተክል በአንድ ዕቃ ሲሆን የአንዱ ጥፋት ለሦስቱም ይተርፋል።

ለሁለተኛው ዙር 12 ስፖንጅ ቆርጬ ዘርቻለሁ፤ ዐቢይ ጾም ሳያልቅ ለመድረስ ጊዜው ይበቃል። በዚህ ዙር ወራቱ ወደ በጋው ሙቀት ስለሚገፋ ጀሪካኖቹን ከበረንዳው ወደ ሰሜናዊው ግድግዳ አዛውራለሁ፤ የውሃውንም ሙቀት በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እጽፋለሁ። ዛሬ ሌሊት ውሃ ይመጣል ተብሏል። እናቴ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ከእኔ ቀድማ አይታቸው፣ ዘር እስኪደርስ ድረስ ለቤት ውሃ እንዲያዙ ጠይቃኛለች፤ ሦስቱን ሰጥቻታለሁ፤ የቀሩትን ግን አልጋዬ ሥር አስገብቻቸዋለሁ።